ከደጃችን የሚወርድ ውሃ
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



ሥራ ውላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ስለ ጎርፍ ውሃ ለመስማት መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስንሰባሰብ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ አገር ቤት፣ ስለ ወረቀት ጉዳይና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ የማነሣው ግን ከየቤታችን ደጃፍ አሥር እርምጃ የማይርቅ ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር እላለሁ።

መኪናችሁን አቁማችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ አንድ ነገር አልፋችሁ መጥታችኋል። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ሥር፣ አስፋልቱ ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ አግድም የተከፈተ ረጅም አፍ አለ። ዝናብ ሲጥል የመንገዱ ውሃ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እዚያ የገባ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። አብዛኛው «ወደ ማጣሪያ ነዋ» ይለኛል። አልፈርድበትም። በዚህ አገር ሁሉም ነገር ተጣርቶ፣ ተለክቶ ነው የሚለቀቀው ብለን እናምናለን። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን እምነታችን ልክ አይደለም።

ከእግራችን ሥር ሁለት ዓይነት ቱቦ ተቀብሯል። አንደኛው የሽንት ቤታችንን፣ የመታጠቢያችንንና የወጥ ቤታችንን ፍሳሽ ተቀብሎ በዋሽንግተን ዲሲ ደቡባዊ ጫፍ ወደሚገኘው ብሉ ፕሌንስ ወደተባለው ግዙፍ ማጣሪያ ይወስዳል። እዚያ ፍሳሹ ይዘቅጣል፣ በባክቴሪያ ይታከማል፣ ከተጣራ በኋላ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይለቀቃል። ሁለተኛው ቱቦ የሚነሣው ከመንገድ ዳሩ አፍ ነው። እሱ ሩቅ አይሄድም። ጥቂት ብሎኮች አልፎ ከዛፎቹ መካከል ብቅ ይልና የተሸከመውን ሁሉ ስላይጎ ክሪክ ውስጥ ይዘረግፈዋል። በመካከሉ ማጣሪያ የለም።

ስላይጎ ክሪክን ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ብስክሌት የተማሩበት፣ እሑድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ እየተጨዋወትን የምንራመድበት ወንዝ ነው። ስላይጎ ወደ ኖርዝዌስት ብራንች ይገባል፤ ኖርዝዌስት ብራንች ወደ አናኮስቲያ፤ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፤ ፖቶማክ ደግሞ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። የቼሳፒክ ተፋሰስ ስድስት ስቴቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያካልል፣ 64,000 ስኩዌር ማይል የሚሸፍን ሰፊ ምድር ነው። የእኔና የእናንተ ደጃፍም የዚያ ተፋሰስ ጫፍ ነው።

አንድ የሐምሌ ማምሻ ከስላይጎ ድልድዮች በአንዱ ላይ ቆሜ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ዝናቡ ሳይጀምር ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም ነበር፤ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዶፉ ወረደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያው ወንዝ እንደ ጠላ ድፍድፍ ደፍርሶ ጭን ድረስ ሞላ። ጠርሙስ፣ የቡና ኩባያ፣ የሕፃን ኳስ እያንከባለለ አለፈ። በነጋታው ተመልሼ ሳይ ውሃው ጎድሏል፤ ከዳር ያለ አንድ ትልቅ ዛፍ ግን አፈሩ ከሥሩ ተጠርጎ ሥሮቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። አያቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይሉ ነበር። ያንን ዛፍ ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ተረት ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ አካባቢ ጫካ በነበረበት ዘመን ዝናቡ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ወደ አፈር ይሰርጋል፣ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ቀስ ብሎ በምንጭ በኩል ወንዙን ይመግባል። ዛሬ ጫካው በነበረበት ቦታ ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮንክሪት አለ። ውሃ መስረጊያ አጣ።

በቁጥር እንየው። አንድ ሺህ ስኩዌር ፊት የሆነ ጣሪያ አንድ ኢንች ዝናብ ሲወርድበት 623 ጋሎን፣ በእኛ ልክ 2,360 ሊትር ያህል ውሃ ያወርዳል። ትልቅ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል ብንል አሥራ ሁለት በርሜል ማለት ነው፤ ከአንድ መካከለኛ ቤት ጣሪያ፣ በአንድ ዝናብ። ስፋቱ አንድ ኤከር የሆነ የመኪና ማቆሚያ ደግሞ በዚያው ዝናብ 27,000 ጋሎን፣ ከ100,000 ሊትር በላይ ይለቃል። እዚህ በዓመት የሚዘንበው ወደ 40 ኢንች ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ከሚዘንበው ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የእኛ ዝናብ ክረምት ላይ መጠራቀሙና የዚህኛው ዓመቱን ሙሉ መከፋፈሉ ነው። እንግዲህ በየመንገዱ ስንት ጣሪያ፣ ስንት ፓርኪንግ እንዳለ አስቡት።

ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከብዛቱና ከፍጥነቱ ይመጣል። በአንድ ጊዜ የወረደ ውሃ ዳርቻ ይንዳል፣ ደለል ይሸከማል፤ ደለሉ ወደ ታች ወርዶ የዓሣ እንቁላልና የውሃ ሣር ያፍናል። በሰመር ደግሞ ከጋለ አስፋልት ላይ የሚወርደው ውሃ ሞቃት ስለሆነ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደው ፍጥረት አይችለውም። ሁለተኛው ጉዳት ውሃው ይዞት ከሚሄደው ነው፤ ከመኪና የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የፍሬን ብናኝ፣ ለሣር የተበተነ ማዳበሪያ፣ ያልተነሣ የውሻ ዓይነ ምድር፣ ለበረዶ የተረጨ ጨው፣ የተጣለ ፕላስቲክ። እያንዳንዱ ብቻውን ኢምንት ነው። የተፋሰሱን ሁሉ ሲያጠራቅም ግን ከአንድ ፋብሪካ ቱቦ የማይተናነስ ብክለት ይሆናል።

አሁን ወደ ሕጉ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በየዓመቱ የምንከፍለው ገንዘብ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

በ1969 በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ ከተማ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ በላዩ ከተንሳፈፈው ዘይትና ቆሻሻ የተነሣ በእሳት ተያያዘ። ወንዝ ነደደ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ ወጣ። የሕጉ መሠረት አንድ ነው፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ከቱቦ ወደ አገሪቱ ውሃ ብክለት መልቀቅ አይችልም። መጀመሪያ ሕጉ የያዘው ፋብሪካዎችንና የፍሳሽ ማጣሪያዎችን ነበር። እነሱ ብዙ ተሻሻሉ፤ ወንዞቹ ግን በሚጠበቀው ልክ አልጠሩም። ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደው ውሃ አሁንም በነጻ ይወርድ ነበርና።

ስለዚህ ኮንግረስ በ1987 ሕጉን አሻሻለ። በ1990 የወጣው ደንብ ከ100,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞችና ካውንቲዎች ለጎርፍ ውሃ ቱቦዎቻቸው ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደ። በ1999 ደግሞ ትንንሾቹ ከተሞች ተጨመሩ። የእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በመጀመሪያው ይገዛል፤ ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ በሁለተኛው። ፈቃዱን የሚሰጠው የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚሰጠውም ለአምስት ዓመት ነው።

የዚህ ትርጉም ጥልቅ ነው። ፈቃዱ ካውንቲውን ለቱቦው ጫፍ ተጠያቂ አደረገው። እኔ መንገድ ላይ ያፈሰስኩት ዘይት በካውንቲው ቱቦ ወጥቶ ወንዝ ከገባ፣ ሕጉ ካውንቲውንም ይጠይቀዋል። በዚህ የተነሣ ካውንቲው እኔን መጠየቅ ግዴታው ሆነ። ሰንሰለቱ ከዋሽንግተን ተነሥቶ የስቴቱ መዲና አናፖሊስ፣ ከአናፖሊስ የካውንቲው መቀመጫ ሮክቪል፣ ከሮክቪል የእኔ ደጃፍ ይደርሳል።

ፈቃዱ ምን ምን ያዛል? ሕዝብን ማስተማርና ማሳተፍ፤ ሕገ ወጥ ፍሳሽ አድኖ ማቆም፤ ከግንባታ ቦታ አፈር ተጠርጎ እንዳይወጣ መቆጣጠር፤ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ የራሱን ዝናብ በግቢው እንዲያስቀር ማድረግ፤ የካውንቲው የራሱ ጋራዦችና የጨው መጋዘኖች ንጹሕ መሆናቸውን ማረጋገጥ። ሕዝብን ማስተማር ግዴታ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔም ዛሬ እዚህ መቆሜ ለዚያ ሥራ የበኩሌን ለማዋጣት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ቀረብ ብለን እንይ፤ ሕገ ወጥ ፍሳሽ እንዴት እንደሚታደን። ተቆጣጣሪው የሚወጣው ዝናብ ካቆመ ከቀናት በኋላ፣ ፀሐይ በሆነበት ቀን ነው። ቦት ጫማ አድርጎ በወንዙ ዳር ይሄዳል፤ የእያንዳንዱን ቱቦ አፍ ያያል። ዝናብ ከሌለ ቱቦው ደረቅ መሆን አለበት። የሚፈስ ነገር ካገኘ ይጠረጥራል። ቀለሙን ያያል፣ ያሸታል፣ ናሙና ይቀዳል። ክሎሪን ከተገኘ የተሰበረ የቧንቧ መስመር ወይም የመዋኛ ገንዳ ውሃ ሊሆን ይችላል። አሞኒያ ከተገኘ የሽንት ቤት ፍሳሽ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። የሳሙና ምልክት ካለ ደግሞ አንድ ሰው አንድ ቦታ እያጠበ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይከተለዋል፤ የጉድጓድ ክዳን እየከፈተ፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው፣ እስከ ምንጩ። የሜሪላንድ ትልልቅ ካውንቲዎች በየዓመቱ ቢያንስ 150 የቱቦ አፎችን እንዲህ የመመርመር ግዴታ አለባቸው። መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ምንጭ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ሳያውቅ የደፋ ሰው ነው።

ሌላው ትልቁ ግዴታ አሮጌውን ማደስ ነው። በ2010 ሞንትጎመሪ ያገኘው ፈቃድ፣ ምንም መቆጣጠሪያ ሳይደረግለት ከተገነባው ውሃ የማያሰርግ መሬት 20 በመቶውን እንዲያድስ አዘዘው። ይህ ማለት ደለል የሞሉ ኩሬዎችን መጥረግ፣ የተናዱ የወንዝ ዳርቻዎችን መጠገን፣ በመንገድ ዳር ውሃ የሚያሰርጉ የአትክልት ቦታዎችን መሥራት ነው። ሥራው በተቀጠረለት በ2015 አላለቀም። ጉዳዩ ከስቴቱ ጋር ስምምነት እስከ መፈረም ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተጠናቀቀው። ይህን የማነሣው ካውንቲውን ለመውቀስ አይደለም። የውሃ ሕግ በመንግሥትም ላይ እንደሚሠራ ታዩልኝ ዘንድ ነው። ቀጠሮ ያሳለፈ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ተጠየቀ፣ ፈረመ፣ ሠራ። ሕግ ማለት ይህ ነው።

በዚያው በ2010 ለአናኮስቲያ ወንዝ የቆሻሻ መጠን ገደብ ተቀመጠለት፤ ወደ ወንዙ የሚገባው ቆሻሻ በፓውንድ ተለክቶ እንዲቀነስ ታዘዘ። ዲሲ በዚያው ዓመት ጥር ላይ፣ ሞንትጎመሪ ደግሞ በ2012 በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ አምስት ሳንቲም ማስከፈል ጀመሩ። ብዙዎቻችን ሱቅ ውስጥ «ለፌስታልም ልንከፍል ነው እንዴ?» ብለን አጉረምርመናል። ሳንቲሟ የተጣለችው ያ ፌስታል ስላይጎ ዳር ካለ ቅርንጫፍ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ከ2016 ጀምሮ ምግብ ቤቶች የስታይሮፎም ዕቃ እንዳይጠቀሙ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ቤት ያላችሁ የፕሮፐርቲ ታክስ ወረቀታችሁን ስታነቡ የውሃ ጥራት ጥበቃ ክፍያ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። በ2012 የሜሪላንድ ምክር ቤት ትልልቆቹ ካውንቲዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍያ እንዲጥሉ ባዘዘ ጊዜ ተቃዋሚዎች «የዝናብ ግብር» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ተስፋፋ፤ ግዴታውም በ2015 ተነሣ። ሞንትጎመሪ ግን ክፍያውን ከዚያ ሕግ በፊት የጀመረው ስለነበር ቀጠለበት።

«ከሰማይ ለሚወርድ ዝናብ እንዴት እከፍላለሁ?» የሚል ሰው በመካከላችን አይጠፋም። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ክፍያው የሚሰላው በዝናቡ ሳይሆን በጣሪያና በአስፋልት ስፋት ነው። ሰፊ ያነጠፈ ብዙ ይከፍላል፤ ጠባብ ያለው ትንሽ። ውሃውን በግቢው የሚያስቀር ደግሞ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። የበከለ ይክፈል፣ የጠበቀ ይቀነስለት፤ ከዚህ በላይ ፍትሐዊ የሆነ አሠራር አላውቅም።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የጎርፍ ውሃን ነገር ከዚህ ተረት አሻሽዬ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን የሁላችንን ጣሪያ ውሃ ሊሸከም ቢሞክር ወገቡ ይጎብጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቢይዝ ግን ጌጥ ይሆናል፤ አበባ ያለበት፣ ቢራቢሮ የሚያርፍበት፣ ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት ቦታ ይሆናል።

አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ምን እንደሚመስል ለማየት ጎረቤታችንን ዲሲን ተመልከቱ። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የተዘረጋለት የጥንት ቱቦ ፍሳሹንና የዝናቡን ውሃ አንድ ላይ የሚሸከም ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይሞላና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ይገባል። በ2005 ከተማዋ ከፌዴራል መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት ስምምነት ፈረመች። መፍትሔው ዝናቡ እስኪያባራ ፍሳሹን የሚይዙ ዋሻዎች ከመሬት በታች መቆፈር ሆነ። በ2018 የአናኮስቲያው ዋሻ ሥራ ጀመረ፤ በ2023 ደግሞ 23 ጫማ ስፋት ያለውና አምስት ማይል ያህል የሚረዝመው የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ ተከፈተ። የዚህኛው ጫፍ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ስትሪት ሰፈር ብዙ አይርቅም። ጠቅላላ ወጪው ከሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ነው። ዋሻው ድንቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የዚያን ያህል ገንዘብ መሬት ውስጥ የተቀበረው ውሃው ከጣሪያው ሥር ሳይያዝ ስለቀረ መሆኑን አንርሳ።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ከቤት ልጀምር።

የጣሪያችሁን አሸንዳ ተመልከቱ። የአሸንዳው ቱቦ የሚወርደው ወደ መኪና መግቢያው ኮንክሪት ከሆነ ወደ ሣሩ አዙሩት፤ ከመሠረቱ ራቅ አድርጋችሁ። ብዙ ወጪ የለውም፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ከቻላችሁ ከሥሩ በርሜል አስቀምጡ፤ ጎመኑንና ቃሪያውን ታጠጡበታላችሁ። ጓሮ ያላችሁ የዝናብ አትክልት ሥሩ። መሬቱን እንደ ሳሕን ጎድጎድ አድርጋችሁ፣ አፈሩን አለስልሳችሁ፣ ውሃም ድርቅም የሚችል የአካባቢውን ተክል ትተክሉበታላችሁ፤ ውሃው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሰርጋል። ካውንቲው ሬይንስኬፕስ በሚባል ፕሮግራም ለእንዲህ ያለ ሥራ ካወጣችሁት ገንዘብ ከፊሉን ይመልስላችኋል። የምንከፍለው ገንዘብ ወደ እኛው የሚመለስበት በር ነው፤ እንጠቀምበት።

በረዶ ሲመጣ ጨው አታብዙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ንጹሕ ውሃ ለማበላሸት ይበቃል፤ አንዴ ከሟሟ ደግሞ አይወጣም። ለአንድ መካከለኛ የመኪና መግቢያ አንድ የቡና ማግ ጨው በቂ ነው። መኪናችሁን መንገድ ላይ ከማጠብ ሣር ላይ እጠቡ፤ አለበለዚያ ወደ መኪና ማጠቢያ ውሰዱት፤ የእነሱ ውሃ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ይሄዳል። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዘይት ስትቀይሩ አሮጌውን ወደ ካውንቲው መቀበያ ጣቢያ ውሰዱት። መንገድ ዳር የተደፋ ዘይት የመጨረሻ ማረፊያው ስላይጎ ነው።

ወደ ምግብ ቤቶቻችን ልምጣ። አንድ ምሽት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ ከአንድ የእኛው ምግብ ቤት ጀርባ አለፍኩ። አንድ ወጣት የወለል መወልወያ ባልዲ ተሸክሞ ወጣ። ውሃው ቀይ ነው፤ በርበሬና ዘይት አለበት። መተላለፊያው ላይ ካለው የብረት ፍርግርግ ውስጥ ደፋው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» አልኩት።

«ፍሳሽ ነዋ፣ ጋሼ፤ ወደ ሽንት ቤቱ መስመር።»

ወደ ወንዝ እንደሚሄድ ነገርኩት። ባልዲውን እንደያዘ ፍርግርጉን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ «ታዲያ ማን ነገረን?» አለኝ።

ያ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሲደክም የዋለ ነው። ንጹሕ ወለል ትቶ ሊሄድ ነው የፈለገው። ጥያቄው ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው። ስለዚህ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለሠራተኞቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው፤ የመወልወያ ውሃ ቤት ውስጥ ባለው የመወልወያ ማጠቢያ ይደፋ። ያገለገለ ዘይት ለብቻው በተዘጋጀ ዕቃ ይጠራቀም። የቆሻሻ ገንዳው ክዳን ይዘጋ፤ የተከፈተ ገንዳ ዝናብ ሲገባበት ከሥሩ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ አሁን ታውቃላችሁ። ምንጣፍና የወጥ ቤት ላስቲክ ውጭ አውጥቶ ማጠብም ይቅር።

የሃይማኖት አባቶችና የቦርድ አባላት፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ማኅበረሰባችን ብዙ ዓመት አጠራቅሞ የራሱን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ገዝቷል። ከሕንፃው ጋር ሰፊ ፓርኪንግም አብሮ ገዛ። ያ ፓርኪንግ ምናልባት ከማኅበረሰባችን ንብረት ሁሉ ብዙ ውሃ የሚያወርደው ነው። ስታድሱት የከሰል ሬንጅ ያለበት ቅብ እንዳይቀባ ተቋራጩን ጠይቁ፤ ዲሲ በ2009፣ ሞንትጎመሪ በ2012 ከልክለውታል፤ ቅቡ እየተፋቀ መርዙ ወንዝ ይገባልና። ከዳር በኩል ያለውን አስፋልት ቆርሳችሁ የዝናብ አትክልት አድርጉት፤ ለተቋማትም ድጋፍ አለ። እኛ ጠበል ሲረጭብን ግንባራችንን የምንሰጥ፣ ለሶላት ስንቆም አስቀድመን በውሃ የምንታጠብ ሕዝብ ነን። ውሃን ማክበር ከቤታችን የመጣ እምነታችን ነው፤ የእምነት ቤቶቻችን ግቢም ይህንን ቢመሰክር ያምርብናል።

ይህን ሁሉ ስናገር ልቤ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቅጡ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ፤ ከእንጦጦና ከከተማው ጓዳ ወርደው አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ፣ ከዚያም ከአዋሽ ይገናኛሉ። በመካከለኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች ወላጆቻችን በእነዚህ ወንዞች ዋኝተናል ሲሉን ሰምተናል። እኛ አፍንጫችንን ይዘን ነው ድልድዩን የተሻገርነው። የአገራችን ሕግ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የማጽዳቱን ወጪ እንዲሸከም ያስገድዳል፤ ጉዳቱ በቀጥታ ያልደረሰበት ዜጋ እንኳ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የከተማ አስተዳደሮችም ቆሻሻቸውን በአግባቡ እንዲያስወግዱ ግዴታ ይጥላል። ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያስፈልገው ከቱቦው አፍ የሚቆም ተቆጣጣሪ፣ ቀጠሮ ያሳለፈን መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ አሠራርና ከደጁ የሚጀምር ነዋሪ ነው። እዚህ የለመድነውን ሥራ አገር ቤት ላሉት ወንድሞቻችን፣ ቤት ለምናሠራላቸው ወላጆቻችን ብንነግር፣ የምንልከው ነገር ከዶላር የማያንስ ይሆናል። ቤት ስታሠሩ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አታስለብሱት፤ ለዝናቡ መስረጊያ ተዉለት።

ወገኖቼ፣ ልጨርስ ነው። ሕጉ የተጻፈው በዋሽንግተን ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠው በስቴት ደረጃ ነው፤ ሥራው ግን የሚያልቀው በእኛ አሸንዳ፣ በእኛ ባልዲ፣ በእኛ ፓርኪንግ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። በዚህ ሳምንት የቤታችሁ ዝናብ ወዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። ያያችሁትን ለአንድ ጎረቤትና ለአንድ የሥራ ባልደረባ በአማርኛ ንገሩ። ቀለም፣ ዘይት ወይም ሳሙና ወደ ወንዝ ሲወርድ ካያችሁ ወደ ካውንቲው መስመር 311 ደውሉ፤ መደወል ማሳጣት አይደለም፣ ወንዝ ማዳን ነው።

ያ ወጣት «ማን ነገረን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ተነግሮናል። መንገድ ዳር ባለው አፍ የገባ ውሃ ማጣሪያ የለውም፤ ማጣሪያው እኛ ነን።